ግንቡ ውስጥ ዳንግላን የጠራሁ ዕለት

አያሌው፣ የቤቴ ሰው፣

ከሄድክብኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ሙት ዓመትህን ሚያዝያ ላይ አደረግን። የነፍስ አባታችንም ጎረቤቱም «ከእንግዲህስ ጥቁሩን አውልቂው» ብለውኝ ነበር። እሺ እያልኩ ሳላወልቀው ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱም ወጣ። ይህን የምጽፍልህ ከእንጅባራ፣ ከቆሰበሩ ቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበርህ አጠገብ ሆኜ ነው። ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጥኩም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፤ ብትኖር ከሁሉ በፊት የምትጠይቀኝ እሱን ነው። ከጓሮ የተከልከው የደከረንስ ዛፍ ደርሶ ልጃችን አንዱዓለም ለከሰል ሸጠው። አሁን በኋላ በር ስወጣ እስከ ማዶ ድረስ ወለል ብሎ ይታየኛል፤ ገላጣነቱን እስካሁን አልለመድኩትም። ሚኒባስህን የሚነዳት ራሱ አንዱዓለም ነው። የወንበሮቹን ልብስ ቀይሯል፤ ከመስታወቱ ላይ ያንጠለጠልካትን መቁጠሪያ ግን አልነካትም። መንገዱ እንዳንተ ጊዜ አይደለም። ዛሬ ክፍት ነው ይባላል፣ በማግስቱ ዝግ ነው ይባላል። ኔትወርኩም እንደዚያው ነው። ልጁ ጠዋት «ደህና ዋይ እማ» ብሎኝ ከወጣ፣ ማታ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ ደጅ ደጁን ሳይ እውላለሁ። አንተ ስትነዳ እንዲህ አልፈራም ነበር። ወይም እፈራ ነበርና ረስቼዋለሁ።

ልነግርህ የተነሳሁት ግን የእንግሊዝ አገሩን ነው። አዎ፣ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ልጃችን ብርቱካን «እማ፣ ነይና የልጅ ልጅሽን ሶስናን እያት፤ ትንሽ ከሐዘኑ ራቅ በይ» እያለች ወተወተችኝ። አንተ ሳለህማ ሁለታችን አብረን እንድንሄድ ነበር ሐሳቧ። ፓስፖርቱን እንኳን ያወጣነው አብረን ነው። ፎቶ አንሺው ፈገግ በል ሲልህ «ለመንግሥት ወረቀት አይሳቅም» ብለህ የተኮሳተርክባት ፎቶ አሁንም እኔ ጋ ናት። አውሮፕላኑ ሲነሳ አጠገቤ የማላውቀው ሰው ተቀምጦ ነበር። እጄን የማደርግበት ጠፋኝና ቦርሳዬን አቅፌ ሄድኩ።

ብርቱካን ደህና ናት። ከስታለች፤ ሥራ ይበዛባታል። ባሏ ዮሴፍ፣ በስልክ «ድምፁስ ለስላሳ ነው፣ መንዳት ይችላል ወይ?» ብለህ የጠየቅክለት ልጅ፣ መንዳት ይችላል። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳ፤ ትወደው ነበር። ሶስና ስድስት ዓመቷን ይዛለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፣ ግን አይታክታትም። «እምዬ፣ እምዬ» እያለች ከሥሬ አትጠፋም።

እዚያ በሰነበትኩ በሁለተኛው ሳምንት የአንዱዓለም ስልክ ጠፋ። ብደውል፣ ብደውል፣ ያቺ ሴትዮ «ማግኘት አይቻልም» ትለኛለች። ለእህትህ ልጅ ደወልን፤ የሷም አይሠራም። በኋላ ብርቱካን ከአንድ የዳንግላ ሰው፣ መንገዱ ከተዘጋ ቀናት እንደሆነው ሰማች። ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ ከፊቷ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም። ምግቡ ይቀርባል፣ እቀምሳለሁ፣ ጣዕሙን አላውቀውም። ስልኩን ከእጄ ሳላወርድ እየጸለይኩ እውላለሁ።

በዚህ መሐል ነው የእነሱ ቀን የደረሰው። ሃሎዊን ይሉታል። በየደጁ ዱባ ፈልፍለው ዓይንና ጥርስ ያበጁለታል፣ ውስጡን ሻማ ያበሩበታል። የብርቱካን ጎረቤት የዱባውን ሥጋ ልትጥለው ስትል ለምኜ ወስጄ ወጥ ሠራሁበት። ልጆቹ የጭራቅ ልብስ ለብሰው እየዞሩ ከረሜላ ይለምናሉ። ይህንንስ ከቡሄ ጋር አስተያይቼ ልተወው ብዬ ነበር። ነገር ግን አጽም ነው፣ ሬሳ ነው፣ ጠንቋይ ነው የሚለብሱት። ቀኑ ደግሞ ጥቅምት ማርያም ነው።

«እኔ ቤት ልቆይ» አልኳቸው።

«እማ፣ የልጆች ጨዋታ እኮ ነው» አለች ብርቱካን። «ሶስና ካንቺ ጋር ካልሆነ አልሄድም ብላለች። ቤት ሆነሽስ ስልኩ ላይ ከማፍጠጥ በቀር ምን ትሠሪያለሽ?»

እውነቷን ነው። ስልኩንም ይዤው እሄዳለሁ ብዬ ተነሳሁ።

የሄድንበት የጥንት ነገሥታት ግንብ ነው፤ ከከተማው ወጣ ይላል። አያሌው፣ ጎንደርን ታስታውሳለህ? የተጋባን ሰሞን ለጥምቀት ሰው ጭነህ ስትሄድ እኔን ከፊት ወንበር አስቀምጠህ የወሰድከኝ። ግንቡ ላይ ወጥቼ ወደ ታች ሳይ አዞረኝና ክንድህን ያዝኩ። «ያዢኝ እንጂ፣ ለዚሁ ብዬ አይደል ያመጣሁሽ» ብለህ ሳቅህብኝ። ይኸኛውም እንደዚያ የድንጋይ ነው፣ ግን የጠቆረና የረጠበ። ዙሪያውን ጥልቅ ውሃ ከቦታል፤ የሚገባው በድልድይ ነው። ጭጋጉ ቁርጥ የቆሰበር ጭጋግ ነበር። ለትንሽ ጊዜ አገሬ ያለሁ መስሎኝ ትንፋሼ ረጋ ብሎ ነበር።

ከበሩ ላይ ትኬት የምታይ ሴት ቆማለች፤ ፊቷን አመድ አስመስላ ተቀብታለች። እኔን ስታይ እጇን አጨበጨበችና እየሳቀች አንድ ነገር አለችኝ። ብርቱካን ቀላች።

«ምን አለችኝ?»

«ምንም። ልብስሽ ያምራል ነው የምትልሽ።»

ሶስና ግን መደበቅ አታውቅም። «እምዬ፣ አንቺ ምርጥ ጠንቋይ አለችሽ!» አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

ከላይ እስከ ታች ጥቁር ቀሚሴን፣ ጥቁር ሻሼን፣ ጥቁር ነጠላዬን ተመለከትኩ። ላንተ የለበስኩትን። ሰው አጠገቤ መጥቶ ፎቶ አብሮኝ ሊነሳ ሲል ዮሴፍ በትሕትና መለሰው። ልቆጣ አልቻልኩም፤ ሴትዮዋ ክፉ አላሰበችም። ግን ነጠላዬን ወደ ደረቴ ሰብስቤ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ከግቢው ሣር ላይ የውሸት መቃብር ተክለዋል። ከአፈሩ የላስቲክ እጅ ብቅ ብሏል። ሰዉ ከመቃብሩ ጋር እየተቃቀፈ ይስቃል። እኔ የታየኝ የቆሰበሩ መቃብርህ ነው። ሳርህን ማን አጨደልህ ይሆን እያልኩ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሐሳቤ ወደ አንዱዓለም ዞረ። ለወትሮው ስለ ልጅ ክፉ ሲታሰብ ይባረራል፤ በዚያ ሁሉ አጽም መሐል ግን የማባረሪያ ኃይል አጣሁ። ስልኬን አወጣሁ፣ አየሁ፣ መልሼ ከተትኩ። ደግሜ አወጣሁ። ብርቱካን አይታኝ አንገቷን ደፋች፤ እሷም እንደኔው ስልኳን በኪሷ ውስጥ ትደባብስ ነበር።

ሶስና የሌሊት ወፍ ሆና ነው የለበሰችው። ጥቁር ካባ፣ ፊቷን እስከ አፍንጫዋ የሚሸፍን ጥቁር ጭምብል። ከሱቅ የተገዛ ስለሆነ ግቢው በሌሊት ወፍ ተሞልቷል፤ የትኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች አይለይም። እጇን አጥብቄ ይዣለሁ። ብርቱካንና ዮሴፍ ሻይ ሊያመጡ ተሰልፈዋል። ድንገት በድምፅ ማጉያ አንድ ነገር ተነገረና ልጆቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ጎረፉ።

«እምዬ፣ ጉጉት! እውነተኛ ጉጉት!»

ጉጉት በቀን ብርሃን! ላማትብ ቀኝ እጄን ሳነሳ የሶስና እጅ ከግራ እጄ ሹልክ አለ። ልጆቹ መሐል ገባች። በዚያችው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ።

አየሁት። አንዱዓለም ነው። ስሙ ወጥቶ ይበራል።

አያሌው፣ ያን ሁሉ ቀን የጠበቅኩት ስልክ እጄ ላይ እየጮኸ፣ ልጅቷ ደግሞ ከዓይኔ እየጠፋች ነው። ዳንግላ ያለው ልጄ ይጠራኛል፤ ውሃ የከበበው ግንብ ውስጥ የልጄ ልጅ የለችም። አላነሳሁትም። ስልኩን እንደጨበጥኩት ሮጥኩ። እየጮኸ፣ እየጮኸ ሄዶ ቆመ። ሲቆም ከውስጤ አንድ ነገር አብሮ የተቆረጠ መሰለኝ።

አንዷን የሌሊት ወፍ ትከሻዋን ይዤ አዞርኳት፤ ሌላ ልጅ ናት፣ ደንግጣ አለቀሰች። ሌላዋን አዞርኩ፤ እሷም አይደለችም። እናቶቹ በክፉ ዓይን ያዩኝ ጀመር። ብርቱካን ሻዩን ጥላ እየሮጠች መጣች።

«የት አለች? እማ፣ ሶስና የት አለች?»

ወደ ጎረፉት ልጆች በእጄ አመለከትኩ። ዮሴፍ ወደ ድልድዩ፣ ወደ ውሃው በኩል ሮጠ። ወዴት እንደሮጠ ሳይ ማርያምን ጠራሁ። ብርቱካን የልጇን ስም እየጠራች ትዞራለች፤ ከዚያ ሁሉ ሙዚቃና ጩኸት መሐል ድምጿ የትም አይደርስም። ጉጉቶቹ ያሉበትም ቦታ አልነበረችም።

አንድ አጽም ወደኔ መጣ። ረጅም ሰው፣ ሙሉ አጥንት የተሣለበት ልብስ፣ ራሱ ላይ የራስ ቅል ያጠለቀ። ወደኋላ ሸሸሁ፤ ግድግዳው ያዘኝ። ብርቱካን ግን አልፈራችውም፤ የግንቡ ሠራተኛ ነው። ልጅ እንደጠፋብን ነገረችው። ከወገቡ ሬዲዮ አውጥቶ ተናገረ፣ የውጪው በር እንዲጠበቅም አዘዘ። ከዚያ ወደ ማማዎቹ እያመለከተ ቀድሞን ተራመደ። አጽሙን ተከትዬ ሄድኩ። ምን ምርጫ አለኝ?

ግንቡ ጓዳ በጓዳ ነው። እያንዳንዱ ክፍል አጨልመውታል፣ ከውስጥ የጩኸት ድምፅ ይለቁበታል። «ሶስና!» ብል በዚያ አገር ቋንቋ መሐል የኔ ጥሪ ተውጦ ይቀራል። ያኔ አንተ መጣህብኝ። በስልክ ከሶስና ጋር የምትጫወታት ጨዋታ መጣችልኝ። አንተ እንደ ረዳት ትጮሃለህ፣ እሷ ተሳፋሪ ትሆናለች፤ ተሳስታ ስትወርድ አብራችሁ ትስቃላችሁ። ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ጮህኩ።

«ዳንግላ! ዳንግላ! አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ! የሞላ! ዳንግላ!»

ሰዉ ቀጥ ብሎ ቆመ። የትርኢቱ አካል የመሰላቸውም ነበሩ፤ ሁለት ሴቶች አጨበጨቡልኝ። አላፈርኩም። ከማማ ማማ እየዞርኩ፣ የመናኸሪያ ረዳት ሆኜ፣ «ገባ በሉ! ዳንግላ፣ ዳንግላ!» አልኩ። ብርቱካን መጀመሪያ ያበድኩ መስሏት አየችኝ። ከዚያ ገባት መሰለኝ፣ አብራኝ መጮህ ጀመረች። የእንጅባራ ልጅ አይደለች? ከኔ ይልቅ እሷ ታውቅበታለች።

ከሦስተኛው ማማ ሥር ስንደርስ፣ ከላይ፣ ከግድግዳው ስንጥቅ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ወራጅ አለ!»

ብርቱካን ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አላውቅም። እኔም ጉልበቴን ረስቼ ወጣሁ። ደረጃው እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ ጠባብና ጨለማ ነው። ከመጠምዘዣው ላይ ቁጭ ብላለች፤ ጭምብሏ በእንባ ርሷል። መውረዱን ፈርታ ነው።

«ለምን ሰው አልጠራሽም የኔ ልጅ?» አልኳት።

«ሁሉም ጭራቅ ናቸው። ማንን ልጥራ?» አለችኝ። አፍንጫዋን በካባዋ ጠረገችና «ጥቁር ቀሚስ አየሁ። እምዬ መሰለኝ። ተከተልኩ። አንቺ አይደለሽም» አለች።

ከጉጉቱ ቦታ ልትመለስልኝ ስትል፣ ጥቁር ቀሚስ ከለበሱት ጠንቋዮች አንዷ እኔን መስላት ነው ለካ እስከዚያ ድረስ የወጣችው።

ስንወርድ ዮሴፍ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ድረስ ርሶ ደረሰ፤ ልጁን አቅፎ አልለቅ አለ። ያ አጽም ግን አልሄደም፣ ከደረጃው ሥር ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ብርቱካን እያመሰገነችው ስለኔም አንድ ነገር ነገረችው። ሰውየው ወደኔ ዞረና የራስ ቅሉን አወለቀ። ከሥሩ ሽማግሌ ነው፤ ፀጉሩ ነጭ፣ ዓይኑ የቀላ። ቀስ ብሎ ተናገረ፣ ብርቱካን ተረጎመችልኝ።

«ባሏን እንዳጣች አላወቅንም፣ በሩ ላይ ለተባለው ይቅርታ አድርጉልን ነው የሚለው። የሱም ሚስት ባለፈው ዓመት ሞታበታለች። ይህን ቀን ትወድ ስለነበረ ነው ዘንድሮም የለበሰው።»

አያሌው፣ ምን ልበለው? የማውቀውን አልኩት። ራሴን ዝቅ አድርጌ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩት። ብርቱካን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምትለው ጠፍቷት ተንተባተበች። ሰውየው ግን እጁን ደረቱ ላይ፣ ከተሣለው አጥንት ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ለቅሶ የደረስኩ ያህል ቀለለኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን ለአንዱዓለም መልሼ ደወልኩ። ማግኘት አይቻልም። ሶስና ጭኔ ላይ ተኝታለች፤ እኔ እደውላለሁ። ቤት ገብተን እደውላለሁ። አሁን ደግሞ አዲስ ፍርሃት መጣብኝ፤ የመጨረሻ ድምፁ ቢሆንስ? ለእርዳታ ቢሆንስ የደወለው? ብርቱካን «ከደወለማ አለ ማለት ነው» ትለኛለች። ልክ ናት። ግን አንተም ያን ዕለት ጠዋት ደውለህልኝ ነበር። ስለ ሽንኩርት ነው ያወራነው። ከዚያ አዲስ ቅዳም ሳትደርስ መኪናዋን ወደ ዳር አውጥተህ፣ የእጅ ፍሬኗን ስበህ፣ ለተሳፋሪው «ይቅርታ፣ ትንሽ ልረፍ» ብለህ መሪው ላይ ተደፋህ። ከተሳፋሪው አንድ ሰው እንኳን አልተጫረም። ሰዉ ዛሬም ያመሰግንሃል፤ እኔ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ ጮሆም ባልተነሳ ቁጥር ያ ቀን ነው የሚመጣብኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንል ጥቁሩን አወለቅኩ። ከሻንጣዬ ነጩን ቀሚስና ነጩን ነጠላ አውጥቼ ለበስኩ። እንዳትቀየመኝ። ሐዘኔ አልቆ አይደለም፤ ልጅቷ ከሰው መሐል እንድትለየኝ ብዬ ነው። ሶስና ስታየኝ «አሁን አውቅሻለሁ» አለች።

ከቅዳሴ ተመልሰን ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ።

«እማ?»

«አንዱ! አለህ? ደህና ነህ? የት ነህ?»

«ደህና ነኝ። ዳንግላ መንገድ ተዘግቶብን ነበር፤ አክስቴ ጋ ነው የሰነበትኩት። ኔትወርክም አልነበረም። ያን ቀን ለትንሽ ጊዜ መጥቶ ብደውል አላነሳሽም። አሁን ቆሰበር ገብቻለሁ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ብርቱካን ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋለች። ምን ሆነህ ነበር የደወልከው ብዬ ጠየቅኩት። ነገሩን በዙሪያው ጀመረ። እንዲህ ዙሪያ ሲዞር ታውቀዋለህ፤ ልጅ ሆኖ እንኳን የሚያፍርበትን ነገር ሊጠይቅ ሲል እንዲህ ነበር።

«ብርዱ ከብዷል እማ። ውርጭ ነው ያለው። የአባባን ካፖርት… ከመደርደሪያው ላይ ያለውን። ቤት እንደገባሁ ልለብሰው ፈልጌ ነበር። ሳልጠይቅሽ እንዳላነሳው ብዬ ነው።»

አያሌው፣ ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። ያን ሁሉ ቀን ስንት ሞት ስገምት፣ ልጁ በርዶት ነው። ካንተ በኋላ ያን ካፖርት ማንም አልነካውም። አራግፌው አላውቅም፣ አላጠብኩትም፤ የጋዝ ሽታህ እንዳይወጣ ብዬ።

«ልበሰው» አልኩት። «እጅጌው ቢረዝምህ እጠፈው።»

ኅዳር ሲገባ ተመለስኩ። ብርቱካን «ቆይ» አለች፣ አልቆየሁም። ሶስና እስከ በሩ ድረስ ተከትላኝ አለቀሰች፤ ይህን ብዙ አልነግርህም። ከባሕር ዳር የመጣሁት በሰው ሚኒባስ ነው። ዳንግላን ሳልፍ፣ አዲስ ቅዳም ስደርስ፣ ያን የመንገድ ዳር በመስኮት አየሁትና አማተብኩ። አሁንም እፈራለሁ። ፍርሃቱ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ልጆቹ በሁለት አገር ተበትነው እኔ ግማሽ ግማሽ እየሆንኩ እፈራለሁ።

ቆሰበር መናኸሪያ ስወርድ መሽቶ አልነበረም፤ ጭጋጉ ግን ወርዷል። ሚኒባስህን አየኋት። ጀርባውን የሰጠኝ ሰው በሯን እየዘጋ ነበር፤ የካፖርቱ ኮሌታ ቀጥ ብሏል፣ ትከሻው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ። አልያዝኩትም፣ ከአፌ ወጣ።

«አያሌው!»

ዞረ። አንዱዓለም ነው። ስሙ እንዳልሆነ አልነገረኝም፣ አልሳቀም፣ አላዘነም። ሻንጣዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቶ «አቤት እማ» አለኝ።

ስለዚህ፣ የቤቴ ሰው፣ ስምህን መጥራት አልተውኩም። በዚህ ቤትም በዚያ ቤትም፣ ሰው ፊትም ብቻዬንም እጠራዋለሁ፤ ተሳስቼ ሲወጣም አልመልሰውም። ድምፄ እስካለ ድረስ ሳልጠራህ የማሳልፈው ቀን አይኖርም። አቤት የሚለኝ አላጣሁም።

ሚስትህ